መገለጥ፣ ትውፊትና ቅዱሳት መጻሕፍት፦ «ካቶሊኮች ከቃሉ ይልቅ ወግን ይከተላሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለጥምቀትና ለቅዱስ ሜሮን የሚዘጋጁ ጎልማሶችን ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለፈው ወር ከተማሪዎቼ አንዷ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየ ስድስት ገጽ ጽሑፍ ይዛ መጣች። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረችባቸው ብዙ መስመሮች ነበሩ፤ በኅዳጉም ላይ ሦስት ቦታ «ይህ እውነት ነው?» ብላ ጽፋለች። ወረቀቱን ተቀብያት ቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱስን ከልባቸው የሚወዱ ሰው እንደ ሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ስለዚህ የምመልስላቸው እንደ ባላጋራ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከጻፉት አብዛኛው ቤተ ክርስቲያኒቱ የማታስተምረው ነገር ነው፤ ገና ፊደል ለሚቈጥር ተማሪ ደግሞ እንዲህ ያለው ስሕተት ትልቅ እንቅፋት ይሆንበታል።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ካቶሊኮች መገለጥ አላለቀም ብለው ስለሚያምኑ፣ ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳትና ራእይ አየን የሚሉ ሰዎች አዲስ ትምህርት ይጨምራሉ፤ ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የነቀፈውን የሰው ወግ ከቃሉ ጋር ያስተካክላሉ፤ በ1546 በትሬንቶ ጉባኤ ሰባት መጻሕፍትን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጨምረዋል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ከመጽሐፉ በላይ ዳኛ አድርገዋል፤ መጽሐፉን እንደ ሰው ድርሰት ይቈጥሩታል፤ ምእመናንም እንዳያነቡት ለዘመናት ደብቀውታል። እነዚህን በየተራ እመለከታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉ ሳይጠይቀው ያለፈው ጥያቄ አለ፤ መገለጥ ራሱ ምንድን ነው? ጸሐፊው «መገለጥ» ባሉበት ቦታ ሁሉ «መጽሐፍ» ብለን ብንተካ የዐረፍተ ነገሩ ትርጕም አይለወጥም። የሁላችንም አለመግባባት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ኅዳር 18 ቀን 1965 «ዴይ ቬርቡም» ማለትም «የእግዚአብሔር ቃል» በሚል ስም ባወጣው ሰነድ እንደሚያስተምረው፣ እግዚአብሔር ከሁሉ አስቀድሞ የገለጠው ራሱን ነው። ይህንም ያደረገው በሥራና በቃል ነው፤ ሥራው ቃሉን ያጸናል፣ ቃሉም ሥራውን ያብራራል። እስራኤል ባሕሩን የተሻገሩት ኦሪት ዘፀአት ከመጻፉ በፊት ነው። ጌታችን ራሱ የጻፈው መጽሐፍ የለም፤ ሐዋርያትን መርጦ፣ ሦስት ዓመት ከእነርሱ ጋር በልቶና ጠጥቶ፣ ሞቶና ተነሥቶ፣ «ሂዱና አስተምሩ» ብሎ ላካቸው። ከአዲስ ኪዳን ጽሑፎች ቀደምት ከሆኑት አንዷ የመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ስትሆን፣ እርሷም የተጻፈችው ከትንሣኤ ሃያ ዓመት ገደማ ቈይታ ነው። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ታጠምቅ፣ ኅብስቱን ትቈርስ፣ ስለ ክርስቶስም ደምዋን ታፈስስ ነበር። ስለዚህ የመገለጥ ፍጻሜ አንድ አካል ነው፤ እርሱም ክርስቶስ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ የከበረው ስለ እርሱ በመንፈስ ቅዱስ የተጻፈ ምስክር በመሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ ልለፍ። «ካቶሊኮች መገለጥ ይቀጥላል ይላሉ» የሚለው ትክክል አይደለም፤ የተጻፈው ተቃራኒው ነው። የዕብራውያን መልእክት እግዚአብሔር በጥንት ዘመን በነቢያት፣ በዚህ በዘመን መጨረሻ ግን በልጁ ተናገረን ይላል። ልጁን ሰጥቶ ያስቀረው ቃል የለም። በዚህም ምክንያት ያው የ1965ቱ ሰነድ በቍጥር 4 ላይ፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በክብር እስኪገለጥ ድረስ ሌላ አዲስ ይፋዊ መገለጥ አይጠበቅም ሲል ይደነግጋል። ጸሐፊው እመቤታችን የታየችባቸውን ራእዮች፣ በፈረንሳይ የሉርድን የ1858 እና በፖርቱጋል የፋጢማን የ1917፣ እንደ ማስረጃ አቅርበዋል። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን «የግል መገለጥ» ትላቸዋለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 67 እንዳስቀመጠው፣ የግል መገለጦች የእምነት አደራ ክፍል አይደሉም፤ የክርስቶስን መገለጥ ሊያሻሽሉትም ሆነ ሊሞሉት አይችሉም፤ ቢበዛ ምእመናን በአንድ ዘመን ወንጌሉን በበለጠ እንዲኖሩት ይረዳሉ። ሉርድ ሄዶ የማያውቅ፣ የፋጢማንም ታሪክ ያልሰማ ሰው እምነቱ የሚጐድል ካቶሊክ አይደለም።

ስለ 1950ው የእመቤታችን ዕርገት ድንጋጌ ግን ጥቂት ልቈይ፤ ጸሐፊው «በ1950 የተወለደ ትምህርት» ብለውታልና። ይህን ያነበበች ተማሪዬ በኅዳጉ ላይ የጻፈችው «ታዲያ ፍልሰታን ምን ልንለው ነው?» የሚል ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። በአገራችን ኦርቶዶክሳውያንም ሆኑ የግእዝ ሥርዓት ተከታይ ካቶሊኮች በእኛ አቈጣጠር በነሐሴ 16 የሚያከብሩትን በዓል፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙትን ጾም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1950 አልፈጠሩትም። በዚያ ዓመት የሆነው፣ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ስትጸልየው የኖረችውን በግልጽ ቃል መደንገግ ነው። በ325 የኒቅያ አባቶች ወልድ ከአብ ጋር «በባሕርይ የተካከለ» ነው ሲሉ ያደረጉትም ይኸው ነበር፤ ቃሉን በመጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው የለም፣ ጸሐፊውም ግን ከእኛ ጋር ያንኑ እምነት ይናዘዛሉ።

ሁለተኛው ክስ ስለ ትውፊት ነው፤ ሰፊውን ቦታ የምሰጠውም ለዚህ ነው። ጸሐፊው የማርቆስን ወንጌል 7፥8 ጠቅሰው «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ትታችሁ የሰውን ወግ ትጠብቃላችሁ» የሚለውን በካቶሊኮች ላይ አውለውታል። ምዕራፉን እስከ ቍጥር 13 ብናነበው ጌታ የነቀፈው ምን እንደ ሆነ ይገባናል። ሰዎች ንብረታቸውን «ቍርባን ነው» እያሉ፣ የሸመገሉ አባትና እናታቸውን ከመጦር ያመልጡ ነበር። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ የሚሽር ወግ ነው የተነቀፈው። ያው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በሁለተኛይቱ የተሰሎንቄ መልእክት 2፥15 ላይ፣ በቃልም ቢሆን በመልእክትም የተማራችሁትን ወግ ያዙ ብሎ ያዛል። አማርኛው በሁለቱም ቦታ «ወግ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግሪኩም በሁለቱም ቦታ ያለው ቃል «ፓራዶሲስ» ነው፤ ትርጕሙም አሳልፎ የተሰጠ ነገር ማለት ነው። አንዱ ወግ ይነቀፋል፣ ሌላው እንዲጠበቅ ይታዘዛል፤ የሚለያያቸው ምንጫቸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ቅዱስ ቍርባን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የተጠቀመበት አነጋገር ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ከጌታ የተቀበልሁትን ለእናንተ አሳልፌ ሰጠኋችሁ ይላል።

የግእዙ «ትውፊት» እንኳ «አወፈየ» ከሚለው፣ ማለትም አስረከበ፣ አሳልፎ ሰጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጠቀምበት ቃል ግን «አደራ» ነው፤ በእኛ ዘንድ አደራ ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ለማንም መንገር አያሻምና። አደራ የተቀበለ ሰው አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም፣ በስሙም አያዞረውም፤ ለባለቤቱ ወይም ለተላከለት ሰው እንደ ተቀበለው ያስረክባል። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ «አደራውን ጠብቅ» ሲለው፣ ደግሞም ከእኔ የሰማኸውን ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ ሲለው፣ አራት ትውልድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቈጥሯል፤ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑት ሰዎች፣ ከእነርሱም የሚማሩት። «ያነበብኸውን» አላለም፤ «የሰማኸውን» አለ። ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ትውፊት የምትለው ይህን የሐዋርያት ስብከት፣ ጸሎትና ሕይወት ነው። በየደብሩ የሚለያየውን ልማድ፣ የአለባበሱንና የመዝሙሩን ዓይነት፣ ቤተ ክርስቲያን ልትለውጠው የምትችለውን ሥርዓት አይደለም። ይህን ልዩነት ከእኛ ወገን መምህራን አንዳንዶቹ አጥርተው ስለማያስተምሩ፣ ጸሐፊው ቢያደናግራቸው ብዙ አልፈርድባቸውም።

«መጽሐፍ ብቻውን ይበቃል» ለሚለው ጸሐፊው የተደገፉት በሁለተኛይቱ ጢሞቴዎስ 3፥16 ነው። ጥቅሱን እኛም እናምነዋለን፤ መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔር መንፈስ አለበት፣ ለትምህርትና ለተግሣጽም ይጠቅማል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ያለው ቍጥር ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስላወቃቸው መጻሕፍት ይናገራል፤ ጢሞቴዎስ ሕፃን በነበረ ጊዜ ደግሞ ከወንጌላት አንዱም ገና አልተጻፈም ነበር። ጥቅሱ «ይህ ብቻ ይበቃል» ማለት ከሆነ ብሉይ ኪዳን ብቻውን ይበቃል ማለት ይሆናል፤ ይህን ጸሐፊውም እንደማይሉት አውቃለሁ። በሐዋርያት ሥራ 20፥35 ላይ ጳውሎስ «ከሚቀበል ይልቅ የሚሰጥ ብፁዕ ነው» የሚለውን የጌታን ቃል ይጠቅሳል። ይህን ቃል በአራቱም ወንጌላት ፈልጉት፤ የለም። ከሐዋርያት በአፍ ሲነገር የኖረ ቃል ነበር።

ትውፊትና መጽሐፍ እንደ ሁለት ተፎካካሪ ዙፋኖች ተደርገው መቅረባቸውም ትክክል አይደለም። «ዴይ ቬርቡም» በቍጥር 9 ሁለቱም ከአንድ መለኮታዊ ምንጭ ፈልቀው፣ አንድ ሆነው፣ ወደ አንድ ፍጻሜ የሚሄዱ ናቸው ይላል። የትኞቹ መጻሕፍት ቅዱሳን እንደ ሆኑ የሚዘረዝር ገጽ በራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ልክ ዛሬ እንዳሉን አድርጎ የቈጠረው ቀደምት ዝርዝር የሚገኘው ቅዱስ አትናቴዎስ በ367 በጻፈው የትንሣኤ መልእክት ነው። ያው አትናቴዎስ ነው ፍሬምናጦስን፣ ማለትም የእኛን አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን፣ ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከልን። ጸሐፊው 27ቱን መጻሕፍት በእጃቸው ሲይዙ የአባቶችን ትውፊት እየተቀበሉ ነው።

ይህም ወደ ሦስተኛው ክስ ያደርሰናል። በክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ልማዴ ነው። አንዱ 66 መጻሕፍት ያሉት ሲሆን ሌላው ወፈር ይላል። ተማሪዎቹን መጽሐፈ ጦቢትን አውጡ እላቸዋለሁ፤ ቀጭኑን የያዘው ተማሪ ከነህምያ በቀጥታ ወደ አስቴር ያልፍና ቀና ብሎ ያየኛል። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን 46 የብሉይና 27 የአዲስ ኪዳን፣ በድምሩ 73 መጻሕፍትን ትቀበላለች። ልዩነቱ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክ፣ አንደኛና ሁለተኛ መቃብያን፣ እንዲሁም በአስቴርና በዳንኤል ያሉት ተጨማሪ ክፍሎች ናቸው። ለጀማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ በካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉት መቃብያንና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ያሉት መቃብያን ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ታሪካቸው የተለያየ መጻሕፍት ናቸው። ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ ሲራክንና ባሮክን ግን በዚያች ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍትም ውስጥ እናገኛቸዋለን።

«በ1546 ተጨመሩ» የሚለውን ታሪክ ራሱ አይደግፈውም። በሰሜን አፍሪቃ የተደረጉት የሂፖ (393) እና የካርታጎ (397) ጉባኤያት እነዚህን መጻሕፍት ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቈጥረዋቸዋል። የፍሎረንስ ጉባኤም ለግብጽ ቅብጦች በጻፈው የየካቲት 4 ቀን 1442 ድንጋጌ ያንኑ ዝርዝር በስም ጠርቶ አስፍሮታል። ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በ1441 ለዚያው ጉባኤ ፍሎረንስ ደርሰው እንደ ነበር ልብ ይሏል። የፕሮቴስታንቶች ተሐድሶ ጀማሪ ማርቲን ሉተር የተወለደው በ1483 ነው፤ ከዝርዝሩ 41 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ትሬንቶ የሠራው ሥራ፣ በክርክር ላይ የነበረውን የቈየ ዝርዝር በማያሻማ ድንጋጌ ማጽናት ነው። ሉተር ራሱ በ1534 ባሳተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህን መጻሕፍት አላወጣቸውም፤ ከቀኖና ዝቅ አድርጎ በሁለቱ ኪዳናት መካከል ለይቶ አስቀመጣቸው። የ1611ዱ የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስም አትሟቸዋል። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እነርሱን የያዘ መጽሐፍ ላለማሳተም የወሰነው በ1826 ነው። አብዛኛው ሰው ቀጭኑን መጽሐፍ «የጥንቱ» እያለ የሚይዘው ይህን ታሪክ ስለማያውቅ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው እውነት አለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጐመው ቅዱስ ሄሮኒሞስ የዕብራይስጡን ዝርዝር ስለ መረጠ በእነዚህ መጻሕፍት ላይ ጥርጣሬ ነበረው፤ ከእርሱም በኋላ የተጠራጠሩ ሊቃውንት ነበሩ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን የአንድ ሊቅ አስተያየት፣ የቱንም ያህል ትልቅ ሊቅ ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ አይደለም። ሐዋርያት በአብዛኛው የጠቀሱት የሰብዓ ሊቃናትን የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጕም ነው፤ በዚያ ትርጕም እነዚህ መጻሕፍት ይገኙ ነበር። የዕብራውያን መልእክት 11፥35 ስለሚበልጥ ትንሣኤ ብለው መዳንን ሳይቀበሉ እስከ ሞት የተደበደቡትን ሲያወሳ፣ የሰባቱን ወንድማማችና የእናታቸውን ታሪክ ከሁለተኛው መቃብያን ምዕራፍ 7 ውጭ የት እናገኘዋለን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ከመጽሐፍ በላይ አድርጋችኋል ለሚለው አራተኛ ክስ መልሱ በ«ዴይ ቬርቡም» በቍጥር 10 ላይ በግልጽ ሰፍሯል፦ የማስተማር ሥልጣን ከእግዚአብሔር ቃል በላይ አይደለም፤ ያገለግለዋል እንጂ፤ የተላለፈውንም ብቻ ያስተምራል። በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የማይሳሳቱበትን ሁኔታ በደነገገበት በዚያው ሰነድ ውስጥ፣ መንፈስ ቅዱስ ለጴጥሮስ ተተኪዎች የተሰጠው አዲስ ትምህርት እንዲገልጡ ሳይሆን ከሐዋርያት የተቀበሉትን እንዲጠብቁና በታማኝነት እንዲያብራሩ ነው ይላል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጠቅሰው ይህን መተዋቸው ያሳዝናል። ተርጓሚ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ደግሞ የገዛ አገራችን ሰው ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መልሶታል። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ባለው ጊዜ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለው። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ማንበብም ይችል ነበር። ሆኖም ሐዋርያት እጃቸውን የጫኑበት ሰው ሠረገላው ላይ ወጥቶ ከአጠገቡ መቀመጥ ነበረበት።

መጽሐፉን እንደ ሰው ድርሰት ትቈጥሩታላችሁ ለሚለው ባጭሩ እመልሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳት መጻሕፍት ባለቤትና ደራሲ እግዚአብሔር ነው ብላ ታስተምራለች። እርሱ ግን የመረጣቸውን ሰዎች አእምሮና ቋንቋ አላጠፋም፤ ሉቃስ እንደ ሉቃስ መርምሮ ጻፈ፣ ዳዊት እንደ ዳዊት ዘመረ። እግዚአብሔር ለመዳናችን እንዲጻፍ የወደደውን እውነት መጻሕፍቱ ያለ ስሕተት ያስተምራሉ። መዝሙርን እንደ መዝሙር፣ ታሪክን እንደ ታሪክ፣ ምሳሌን እንደ ምሳሌ ማንበብ ከዚህ የሚመጣ ግዴታ ነው።

የመጨረሻው ክስ መጽሐፉን ደብቃችኋል የሚለው ነው። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። በ1229 በቱሉዝ የተደረገ የአካባቢ ጉባኤ፣ በወቅቱ በደቡብ ፈረንሳይ ከተነሣው ኑፋቄ የተነሣ፣ ምእመናን መጽሐፍ ቅዱስን እንዳይዙ ከልክሏል። በ1564 የወጣው ደንብም በየአገሩ ቋንቋ የተተረጐመውን ለማንበብ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቅ ነበር። ይህ በብዙ አገር ምእመናንን ከመጽሐፉ አርቋል፤ ጉዳቱም ረጅም ነበር። ይሁንና «ለዘመናት ሁሉ በሁሉም ቦታ» የሚለው አይቆምም። የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ በስትራስቡርግ በ1466፣ የጣልያንኛው በቬኒስ በ1471 ታትመዋል፤ ሁለቱም ከሉተር ትርጕም በፊት ነው። ለእኛ ደግሞ ከሁሉ ቅርብ የሆነው ምስክር በሮም ያለው ነው። በማተሚያ መሣሪያ የታተመው የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን የታተመው በ1513 በሮም ነው። የግእዝ አዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 የታተመውም በዚያው ነው፤ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ የነበሩት የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ደክመውበት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሦስተኛም ረድተዋቸው ነው። ይህም ጸሐፊው «መጽሐፉ የተዘጋበት ዓመት» ካሉት ከትሬንቶ ድንጋጌ ሁለትና ሦስት ዓመት ቢያልፍ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ መጽሐፍ በብራና ለመጻፍ የስንት ፍየል ቆዳ፣ የስንት ወር የጸሐፊ ድካም ይጠይቅ እንደ ነበር በአገራችን ገዳማት ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ከጽሑፉ አንድ መስመር ግን አለ፣ ተማሪዬ በቀይ ያሰመረችበት፣ እኔም ምንም የማልመልስበት። «የማውቃቸው ካቶሊኮች መጽሐፍ ቅዱስ በቤታቸው አለ፣ ግን አያነቡትም» ይላል። እውነት ነው። በቅዳሴያችን ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክትና ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፣ ምስባክ ይሰበካል፣ ሕዝቡም ቆሞ ወንጌሉን ይሰማል፤ ከቤተ ክርስቲያን ከወጣን በኋላ ግን ብዙዎቻችን ገጹን ሳንገልጠው ሳምንቱ ያልፋል። «ዴይ ቬርቡም» በቍጥር 22 ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚወስደው በር ለምእመናን ወለል ብሎ ይከፈት ይላል፤ በቍጥር 25 ደግሞ መጻሕፍትን አለማወቅ ክርስቶስን አለማወቅ ነው የሚለውን የሄሮኒሞስን ቃል ጠቅሶ፣ ሁሉም አዘውትረው እንዲያነቡ አጥብቆ ይመክራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2019 አንድ እሑድ በሙሉ ለእግዚአብሔር ቃል እንዲሰጥ ወስነዋል። እኛም በክፍላችን ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ትምህርቱን የምንጀምረው አንድ ምዕራፍ ጮክ ብለን በማንበብ ሆኗል፤ አሁን ጦቢት ምዕራፍ 4 ላይ ነን፤ አባት ልጁን ለመንገድ ሲያሰናዳ በሚመክርበት ቦታ።